በሲኒ ላይ የተቀመጠ ችሎት

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። የምሠራው አብነት አካባቢ ባለ አንድ ባንክ ውስጥ ነው፤ ከመርካቶ የሚመጣው ሰው ገንዘቡን በፌስታል፣ በመቀነት፣ አንዳንዴም በካልሲ ቋጥሮ ይመጣል። በዚያ ቀን ከመስኮቴ ፊት የቆሙት አዛውንት ተሸካሚ ነበሩ። ትከሻቸው ላይ የታጠፈ ጆንያ ጣል አድርገዋል፤ በእጃቸው ላብ ያራሳቸው ብሮች ይዘዋል። ተቀብዬ ቆጠርሁና በቁጠባ ደብተራቸው ላይ አስገባሁ። ብዙ አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ከማዶ፣ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ከምታፈላው ሴት ዘንድ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። ምክር ለመስጠት የገፋፋኝም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። «አባባ» አልኋቸው፤ «በቀን ሁለት ሲኒ ቡና ይጠጣሉ። በዓመት 730 ሲኒ ማለት ነው። እሱን ቢተዉት እኮ እዚህ ደብተር ላይ ደህና ገንዘብ ይቀመጥልዎ ነበር።»

አልተቆጡም። ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ደረት ኪሳቸው እየከተቱ፣

«ብሩስ ይቀመጣል ልጄ፤ እኔ የት ልቀመጥ?» ብለውኝ ሄዱ።

ቀኑን ሙሉ ይህችን ጥያቄ ሳመነዥክ ዋልሁ። እውነትም ተሸካሚ በመርካቶ ውስጥ መቀመጫ የለውም። ሱቁ የባለሱቁ ነው፤ ደረጃው የባለሕንፃው ነው፤ መንገዱ የመኪናው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ «ዞር በል!» ሲባል የሚውል ሰው በአንድ ሲኒ ዋጋ በርጩማ ያገኛል፤ «እንደምን አደሩ» የሚለው ሰው ያገኛል፤ ስኳር ስንት ማንኪያ እንደሚወድ የሚያውቅለት ያገኛል። እኔ በሒሳቤ ውስጥ ያስገባሁት ፈሳሹን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ። ከእኔ በፊት በድሃ ሲኒ ላይ ችሎት ያስቀመጡ እነማን ነበሩ? ፍርዳቸውስ ምን ላይ ደረሰ? መልሱን ፍለጋ መጻሕፍት ሳገላብጥ ያገኘሁትን ለአንባብያን ላካፍል ወደድሁ።

ቡና የበቀለው በእኛው ደን ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን አልጠጣውም። ካህናቱ ቡናን ከጫትና ከትንባሆ ጋር በአንድ ገመድ አስረው የሙስሊም ልማድ ነው ሲሉ አወገዙት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በብርቱ ቅጣት እንደከለከሉ ይታወቃል፤ ቡናም በዚያው ዐይን ይታይ ነበር። ክርስቲያን በማተቡ፣ ሙስሊም በሲኒው ይለያል ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ ጠጅን ማሰብ ይጠቅማል። ጠጅ ያሰክራል፤ ቡና ያነቃል። መወገዝ በጉዳት ቢሆን ኖሮ ተከሳሹ ጠጅ በሆነ ነበር። ጠጅ ግን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበርና ማንም ችሎት አላስቀመጠበትም። በግብር ላይ ማን የትኛውን ጠጅ እንደሚቀዳለት በማዕረግ ይወሰን ነበር፤ ተራው ሰው በጠላው ይረካል። ካህናቱ በቡና ላይ ሲፈርዱ የተመለከቱት ሲኒውን የያዘውን እጅ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ፍርዱ እንዴት ተሻረ? ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት፣ ቡና መጠጣት በክርስቲያኑ ዘንድ በፍጥነት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1886 ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ለዚህም ሁለት ሰዎች ይጠቀሳሉ። አንደኛው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ናቸው፤ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር። ሁለተኛው በ1874 ዓ.ም. ከግብፅ የመጡት አቡነ ማቴዎስ ናቸው፤ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው የሚለውን የካህናቱን እምነት ለማስለወጥ ብዙ ደክመዋል። የመጡባት አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን የሚኖሩባት ናትና፣ ሲኒ ሃይማኖት እንደሌለው ከማንም በላይ ሳያውቁ አልቀሩም።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ቡና ከውግዘት የተፈታበትና ከተማችን የተመሠረተችበት ዘመን አንድ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ጀበናዋን ይዛ ተወለደች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቡናው አንዳች እንዳልተለወጠ ልብ ይሏል። ያው ፍሬ፣ ያው ጥቁረት፣ ያው ምሬት ነው። የተለወጠው ዳኛው ነው፤ ዳኛው ጠጣ፤ ፍርዱም ተሻረ። እኒሁ ምኒልክ ነጋሢ ከሆኑ በኋላ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክን መረቁ። ለሲኒውም ለባንኩ ደብተርም በር የከፈቱልን አንድ ሰው ናቸው ማለት ነው። እኔ ግን ደብተሩን ይዤ ሲኒውን ልከስስ ተነሣሁ።

በጓዳ ያሉት እናቶች ከካህናቱም ከንጉሡም የበለጠ ጥበብ ነበራቸው። አቦል ከዐረብኛው «አወል» የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ማለት ነው። ቶና በዚያው ቋንቋ ሁለተኛ ከሚለው የመጣ ነው። በረካም በረከት ነው። ዕጣን አጭሳ፣ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ «በስመ አብ» ብላ ቡና የምታፈላ ክርስቲያን እናት ዙሮቹን የምትጠራው በዐረብኛ ስም ነው። ለዘመናት «ልማዱ ርኩስ ነው» የተባለው ጎረቤት ቃሉን ምድጃው ዳር ትቶ ሄዷል፤ ማንም አላስወጣውም።

ሦስቱ ዙር ራሱ የቁጠባ ትምህርት ነው። አንድ እፍኝ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በዚያው አተላ ላይ ውኃ እየተጨመረ ሦስት ጊዜ ይፈላል። አቦሉ ወፍራም ነው፤ ቶናው ይለሰልሳል፤ ሦስተኛው ቀጥኖ ሻይ ይመስላል። እንግዲህ ከሦስቱ «በረከት» የሚለውን ስም ያገኘው ቀጭኑ ነው። አቅም ያነሳት እናት ልትቀዳው የምታፍርበትን ሲኒ ልማዱ ቀድሞ ባርኮላታል። እንግዳውም በረካውን ሳይጠጣ ቢነሣ ነውር ይሆንበታል።

ሐረር ደግሞ ሌላ ብልሃት አላት። ፍሬው ለገበያ ሲሄድ ገለፈቱ ከወተት ጋር ፈልቶ ሆጃ ይሆናል፤ ቅጠሉ ተቆልቶ ኩቲ ይሆናል። በየገጠሩ ስኳር በሌለበት ጨው ይገባል፤ ቅቤ ይገባል፤ ጤና አዳም ይነከራል። የእኛ ሰው ትንሿን ደስታውን እንዳይነጠቅ ያልሞከረው መንገድ የለም።

ችሎቱ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ውስጥ ኻይር በይ የተባለው ሹም ቡና አስከልክሎ ፍሬውን በአደባባይ አስቃጥሏል፤ ከካይሮ የመጣ ትእዛዝ ግን ክልከላውን አላላው። የፕሩሲያው ታላቁ ፍሬድሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1777 ሕዝቡ ቡናን ትቶ ቢራ እንዲጠጣ የሚያሳስብ አዋጅ አወጣ፤ ምክንያቱም ለቡና ግዢ ገንዘብ ከአገር ይወጣል የሚል ነበር። በ1781 ቡና መቁላት ያለ ፈቃድ ተከለከለ። ፈቃዱ ለመኳንንት፣ ለካህናትና ለሹማምንት ተሰጠ፤ ድሃው ቀረ። ንጉሡ ራሱ ቡና ወዳጅ እንደነበር ስናስታውስ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በዚያ ላይ አካለ ስንኩል የሆኑ የቀድሞ ወታደሮች ተቀጥረው በየመንደሩ እየዞሩ የቡና ቁሌት ሽታ በአፍንጫቸው እንዲያነፈንፉ ተደረገ። ሥርዓቱ ንጉሡ እንደሞተ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በእኛ ሰፈር የቡና ሽታ የጥሪ ደብዳቤ ነው። ቁሌቱ በአጥር አልፎ ከጎረቤት ሲደርስ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ይመጣል፤ «ቡና ጠጡ» እስኪባል እንኳ አይጠብቅም። በዚያ አገር ግን ያው ሽታ ማስረጃ ሆኖ ሰው አስቀጣ። ቀጥሎ እናቴ የነገረችኝ ታሪክ ትዝ ሲለኝ ሳቄ ቆመ።

ታሪኩ የተፈጸመው እዚሁ መርካቶ ጥግ ነው። መርካቶ ራሱ ከፍርድ የተወለደ ገበያ ነው። የከተማዋ ዋና ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዙበት ዘመን ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል ብለው ገበያውን ወደ ምዕራብ አሸሹትና «የአገሬው ሰው ገበያ» አሉት። የተገፋው ሰው በተገፋበት ቦታ ትልቁን ገበያ ሠራ። ከዚያ ገበያ ውስጥ ምን አለሽ ተራን የሚያህል የኑሮ ትምህርት ቤት የለም፤ ሌላው የጣለው የዘይት ቆርቆሮ እዚያ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ በዚያ ምድጃም ላይ ጀበና ይጣዳል።

ጊዜው 1970ዎቹ ሊያልቁ አካባቢ ነበር። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደላል። ቡና ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋነኛ ምንጭ በመሆኑ መንግሥት አጥብቆ ይዞታል፤ ከአምራቹ አካባቢ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ በየኬላው ይፈተሻል። ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 ብራዚል ላይ የወረደው ውርጭ የዓለምን የቡና ዋጋ እስከ 1977 ሽቅብ ሰቅሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አብነት ውስጥ ያለች እናትና ውጭ አገር ያለ ገዢ ለአንድ ፍሬ መጫረታቸው ግልጽ ሆኗል። እናት በዶላር አትጫረትም።

አባቴ ታሞ ከሥራ በቀረበት በአንድ ወር ውስጥ ጎረቤቶች አዋጥተው ረዱን። በማግስቱ እናቴ እንደ ልማዷ ትንሽ ቡና ቆላች። ሽታው ወጣ። ካዋጡት አንዷ በደጅ ስታልፍ፣ «ለቡናስ አላነሰሽም» አለች። ቃሉ ይኸው ብቻ ነው። እናቴ ግን ምጣዷን ሰቀለች። «የለመነ ሰው ቡና ይጠጣል እንዴ ብዬ ራሴን ወቀስሁ» ትላለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ከቤታችን ሽታ አልወጣም፤ ሽታ ስላልወጣም ሰው አልመጣም። አባቴ የሚያጫውተው አጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

በስምንተኛው ቀን ያቺው ጎረቤት በነጠላዋ ጫፍ እፍኝ ጥሬ ቡና ቋጥራ መጣች። «ምነው ቤትሽ ዝም አለ? ሰው የሞተበት መሰለ እኮ» አለችና ራሷ ምጣዱን አወረደች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እናቴም አልጠበቀችም። እስከ በረካ ተቀመጡ። አባቴም ትራስ ተደግፎ ቀና አለ። ሁለቱ ሴቶች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ቡና አጣጭ ሆነው ኖሩ።

ይህ ታሪክ ትንሽ ደስታ የሚባለው ነገር ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ አሳየኝ። እናቴ የተወችው እፍኝ ቡና ነው፤ አብሮት የሄደው ግን ጠያቂ፣ ወሬ፣ ምክር፣ የታመመ ሰው ዳር የሚቀመጥ ዘመድ ነው። ድሃ ሐኪም ቤት መሄድ ሲያቅተው የሚደርስለት፣ ሥራ ሲያጣ የሚጠቁመው፣ ዕቁብ የሚያስገባው ሰው በዚያ ረከቦት ዙሪያ ነው የሚገኘው። በደብተር ላይ የሚጻፈው ቁጠባ አንድ ዓይነት ነው፤ በሰው ልብ ውስጥ የሚጠራቀመው ሌላ ነው። ሁለተኛው ወለድ የሚከፍለው በክፉ ቀን ነው።

ዛሬም ችሎቱ አልተነሣም፤ ዳኞቹ ብቻ ተለውጠዋል። ቡናን በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይጠጡ አባቶችና ምእመናን አሉ፤ ያ የራሳቸው ተጋድሎ ነውና አከብረዋለሁ። የእኔ ነገር ከሌሎቹ ዳኞች ጋር ነው። በየስልኩ ላይ «ቡናህን ትተህ ሀብታም ሁን» የሚል መካሪ በዝቷል። አምራቿ አገራችን ከምትለቅመው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ እንደምትጠጣ ሲነገር፣ «ምነው ሁሉም ቢላክ» የሚል ቁጭት ይከተላል፤ ፍሬድሪክ በ1777 ያለውም ይህንኑ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያም የዓለም ቡና ዋጋ ታይቶ ወደማይታወቅ ከፍታ ሲወጣ፣ ሲኒ መጨበጥ ይበልጥ ከበደ። በዚህ ሁሉ መሐል በርጩማው ላይ ያገኘሁት ሰው ያልቀነሰው ነገር ቢኖር ያንን አንድ ሲኒ ነው። ሥጋውን ቀንሷል፤ ልብሱን ቀንሷል፤ ታክሲውን ትቶ በእግሩ ይሄዳል።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቁጠባን አልንቅም። ለክፉ ቀን የተቀመጠች ጥቂት ብር ሰውን ከአራጣ አበዳሪ እንደምታድን በየቀኑ አያለሁ። ልጁ ሳይበላ ገንዘቡን በመጠጥ የሚያጠፋ ሰው እንዳለም አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ሰውን መምከርና በሰው ሲኒ ላይ ችሎት ማስቀመጥ ይለያያሉ። መካሪ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ዳኛ አስቀድሞ ይቆጥራል። እኔ ያን ቀን ሳልጠይቅ 730 ብዬ ቆጠርሁ።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት መንገዱን ተሻገርሁ። አዛውንቱ ከቦታቸው ነበሩ። ከረባቴን አይተው ፈገግ አሉና በአጠገባቸው የነበረውን በርጩማ በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው፣ «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየኝ፤ መንገድ ዳር ከተሸካሚ ጋር መቀመጤን እንዳልወደደው ከዐይኑ ገባኝ። እነሆ ዳኛው እኔ ስነሣ ወንበሩን ሌላው ያዘው አልሁ በልቤ።

ቡናው በጤና አዳም ቅጠል መጣ። ጠጥቼ ልከፍል ወደ ኪሴ ስገባ ሴትዮዋ እጇን አወናጨፈች። «ተከፍሏል» አለች። ዞር ስል አዛውንቱ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ እየጣሉ ነበር። «የሳቸው ወግ ነው» አለችኝ ከሄዱ በኋላ፤ «ራሳቸው አንዱን ይጠጣሉ፤ አንዱን ላጣ ሰው ይከፍላሉ።»

ከ730ው ሲኒ ግማሹ የሳቸው እንዳልነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የሰፈራችን ስም አብነት ነው። አብነት ምሳሌ ማለት ነው፤ ለታመመ የሚነገር መድኃኒትም አብነት ይባላል። ለስንት ዓመት ስሙን እየጠራሁ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ትርጉሙን ያገኘሁት ግን በርጩማ ላይ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ እነዚህን አራት መስመሮች ጻፍሁ፦

አቦሉ ለእንግዳ፣ ቶናው ለጎረቤት፣
በረካው ለራሴ፣ ይኸው ነው ያለኝ ሀብት፤
የሲኒዬን ቁጥር፣ አትቁጠር ዳኛዬ፣
ሂሳብህ አይደርስም፣ እስከ ምድጃዬ።